ያዛለን የሰዓቱ ርዝመት ብቻ አይደለም
ስለ ሐኪሞች መዛል እዚህ የወጣው ጽሑፍ የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞችን ያዛላቸው የተረኝነት ሰዓት መርዘም ነው ማለቱ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ያሳያል። በኮሮና ወቅት ጎንደር ውስጥ በአንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርቻለሁ፤ እኔን የሰበረኝ የተረፈውን አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን ከሁለት ሕመምተኞች ለየትኛው እንደምሰጥ መወሰን፣ ከዚያም መነጽሬን ላብ እንዳጨፈገገው፣ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ለሚጠብቁ አባት ልጃቸውን ገብተው ማየት እንደማይችሉ መንገር ነበር። ከላይ አስተያየት የሰጡት ወንድሜ «ዕረፍት በቂ ነው» ብለዋል፤ ዕረፍት ተሰጥቶኝ አዘዞ ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሰነብት እንኳ የሕሙማን መከታተያው ሞኒተር ጩኸት ከእንቅልፌ ያባንነኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን በሥራ ጫና የሚመጣ መዛል (በእንግሊዝኛ burnout) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታልና፣ መፍትሔውም ከአሠራሩ መጀመር አለበት፤ እንዲህ ያለው ውሳኔ በአንድ ተረኛ ሐኪም ላይ ከሚወድቅ በቡድን ቢሰጥ ከዕረፍቱ ይልቅ ይረዳን ነበር።