ኃላፊያችን ክላስ ናቸው

የመንግሥት ቢሮ በር ላይ ተኮልኩላችሁ የምታጉረመርሙ ሁሉ፣ ኧረ ትንሽ እፈሩ። "ኃላፊው የሉም፣ ክላስ ናቸው" ስትባሉ እልል ማለት ነበረባችሁ። ባለፈው ማክሰኞ እኔም እንዲሁ ተባልኩ። ሰውየው ለአገር ብለው ፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ እየተማሩ እኔ ማኅተም እላለሁ!

ትምህርቱ እኮ ቀልድ አይደለም። አጀንዳ ይቀረጻል፣ አማራጭ ይተነተናል፣ ይወሰናል፣ ይተገበራል፣ በመጨረሻ ይገመገማል። የእኛ ሰው ትግበራ የተሰጠ ቀን ስብሰባ ነበረበት መሰለኝ።

ከሁሉም የምሳሳለት ግን ለመመረቂያ ጽሑፉ የራሱን ቢሮ ለሚያጠናው ነው። ርዕሱ "የአገልግሎት አሰጣጥ ጥራትና የተገልጋይ እርካታ" ነው፤ ሁሌም እሱ ነው። ወረፋ ላይ ለቆምነው መጠይቅ ይታደለናል፤ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም"፣ ባለ አምስት ደረጃ። "ሠራተኞች በሥራ ሰዓት በቦታቸው ይገኛሉ" ይላል አንዱ። አጥኚው ራሱ ላይብረሪ ነው፣ ወረቀቱን የምታድለን ተላላኪዋ ናት። መለኪያው ሰርቭኳል የሚባለው የአገልግሎት ጥራት መመዘኛ ነው፤ በፈረንጆቹ 1988 አሜሪካኖች የባንክና የስልክ ደንበኞቻቸውን ጠይቀው ያወጡት፣ እኛ ደግሞ ለመታወቂያ እድሳት የምንሞላው። መልሳችን ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ ክሮንባክ አልፋ የሚባለው የመጠይቁ አስተማማኝነት ነጥብ ከማለፊያው ከ0.7 ይበልጣል፣ ሁሉም ይደሰታል። ከዚያ ግኝቱ ይወጣል፦ ተገልጋዩ የሚጉላላው ባለሙያው በቦታው ስለማይገኝ ነው! ምክረ ሐሳቡስ? ለባለሙያዎች ተጨማሪ የትምህርት ዕድል ይሰጥ። ኤ ያገኛል። ጥራዙም "አምስቱ ማዎች" የሚባሉት የሥራ ቦታ ማደራጃ ደንቦች የተለጠፉበት ግድግዳ ሥር አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ራሱ ጽፎት ከሆነ ነው እንግዲህ፤ የመብራት ምሰሶው ላይ "ቴሲስ እናማክራለን" የሚለው ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል፣ ምሰሶውም ስንቱን አስመረቀ።

የአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን ከጃፓን ድረስ መጣ። ኃላፊው ብቻ አልመጡም።

ቀልዱን ትቼ ልናገር። መዝገብ ቤት ውስጥ በዲፕሎማ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት አለች። የጠፋ ፋይል የት እንደገባ ከኮምፒውተሩ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ዕድገት ሲወጣ "መስፈርቱን አታሟላም" ተባለች፣ ወንበሩን ያገኘው ፋይሉን ከፍቶ የማያውቅ ባለማስተርስ ነው። ልጅ ያዘለች እናት ደግሞ ለአንድ የልደት ሰርተፍኬት "ነገ ተመለሺ" ትባላለች፣ ነገም ነገ ይባላል። የታክሲዋን ማን ሊከፍልላት ነው? የቀን ሥራዋንስ? ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በሉ፣ ደስታውን አላበላሽባችሁ። ሰውዬአችን ዳይሬክተር ሆነዋል፣ አሁን ዶክትሬት ጀምረዋል። ርዕሱም ሰፍቷል፤ የአንድ ቢሮ እርካታ መሆኑ ቀርቶ የክፍለ ከተማው ሁሉ ሆኗል። መጠይቁ በቅርቡ ይደርሳችኋል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ ቢሮው የለውም።