እርማት፦ «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» አያዋጣም

ደብረ ብርሃን ላይ ለፋብሪካ ንብረት ክፍል ለሚወዳደሩ ልጆች «በሥራ ቃለ መጠይቅ ድክመታችሁን ሲጠይቋችሁ ሥራ አበዛለሁ በሉ» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ጠያቂዎቹ ይህንኑ ሲሰሙ ነው የሚውሉት። «እስቲ ምሳሌ ስጠን» ሲሉ በከተማው ብርድ ሳይሆን በድንጋጤ አፍ ይያዛል።

እውነተኛ፣ ግን የሥራውን እምብርት የማይነካ ድክመት ይመረጣል። ለንብረት ሠራተኛ «ቆጠራ ላይ እሳሳታለሁ» ማለት ራስን ማባረር ነው። «ስብሰባ ላይ ዝም እል ነበር፤ አሁን ሦስት ነጥብ ጽፌ እገባለሁ፣ አንዱን ገና ሲጀመር እናገራለሁ» ግን ያስኬዳል። ድክመቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማሻሻያው በሁለት፤ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። «ድክመት የለኝም» ማለትማ ከሁሉም ይብሳል። ቃል በቃል አትሸምድዱት፤ ጥያቄው «አለቃህ በምን ይወቅስሃል?» ተብሎ ሲዞር የተሸመደደው ይጠፋል።