ለቅሶ የሚያሠራው ብሬከር

የትንንሽ ከተማ ሹሞቻችንን የሚያማ ሞልቷል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የመጣሁት። ሌላው ዓለም ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ደህንነት ገንዘብ ከየት እናምጣ እያለ ሲጨነቅ፣ እነሱ የማይነጥፍ ምንጭ ካገኙ ቆዩ። ምንጩ ለቅሶ ነው።

አሠራሩን ላላወቀ ላስረዳ። አስፋልቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ሰፈሩ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ወዲያ። ወላጆች "ዜብራ ይቀባልን፣ ብሬከር ይሠራልን" ብለው ያመለክታሉ። ማዘጋጃ ቤቱ "መንገዱ የፌደራል ነው" ይላል። የፌደራሉ ሰውዬ "የእግረኛ ጉዳይ የከተማው ነው" ይላል። በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ በጀት የለም። ማመልከቻው ቁጥር ወጥቶለት ፋይል ውስጥ ይተኛል።

አንድ ቀን ከባድ መኪና ልጅ ይገጫል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቅልጥፍና ማን ያየዋል! ወጣቱ ድንጋይ ደርድሮ መንገድ ይዘጋል። እድሩ ያዋጣል። አንዱ ነጋዴ ሲሚንቶ፣ ሌላው አሸዋ ይሰጣል። ስንት ዓመት የጠፋው በጀት በሠልስቱ ተገኘ ማለት ነው። ብሬከሩ ቀለም የለውም፣ ምልክት የለውም፣ ከፍታውም ለጉድ ነው። ማታ ባጃጅ ይገለበጥበታል። እሱም ቢሆን ኪሳራ አይደለም። ሌላ ለቅሶ፣ ሌላ መዋጮ።

አንዳንድ ማንበብ የሚያበዙ ሰዎች ነገር ያበላሻሉ። "በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመ የመንገድ ፈንድ አለ እኮ" ይላሉ። አለ። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር የተወሰነ ሳንቲም ወደዚያ ይገባል። ዓላማው የመንገድ ጥገናና የመንገድ ደህንነት ነው ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ፈንድ ድርሻ የሚደርሳቸው ከተሞች ግን "ደህንነት" የምትለዋን ዘለው ጉድጓድ ይደፍኑበታል። ልክ ናቸው! ጉድጓድ መኪና ይሰብራል። መኪና ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ስልክ ይደውላል። እግረኛ ምን አለው? እግር።

በሰኔ 2012 ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለሞተር አልባ ትራንስፖርት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። በእግርና በብስክሌት ለሚሄድ ሰው ማለት ነው፣ ለአዲስ አበባ ብቻም አይደለም። ገጭቶ ባመለጠ መኪና የተጎዳን ሰው የሚክስ የመድን ፈንድም አለ። እዚህ ላይ ሕግ አውጪውና የከተማችን ሹም ልባቸው አንድ ነው። መጀመሪያ ተገጭ፣ ከዚያ ና እንነጋገር።

ከተማዋ ገንዘብ የላትም የሚል ሰው አደባባዩን አላየም። መሃሉ ላይ የተሠራችውን ጀበና አይቷታል? ከነሲኒዋ፣ በመብራት አሸብርቃ፣ ዙሪያዋን በብረት ታጥራ ቆማለች። መኪና አይነካትም። ለእሷ በጀት ሲፈለግ ማንም "የፌደራል ናት" አላለም። ተማሪው ጀበና ሆኖ ቢፈጠር ኖሮ እስካሁን አጥር ተሠርቶለት ነበር። ሪባን ስትቆርጥ ከኋላህ ጀበና ሲቆም ፎቶው ያምራል፤ መሬት ላይ የተቀባ ነጭ መስመር ምን ያምራል?

የእግረኛ መንገዱስ ቢሆን ማን ዝም ብሎ ይተወዋል? ኮብልስቶኑን ያነጠፈው ነዋሪው ባዋጣው ብር ነው። ተነጥፎ ሲያልቅ ግን ሰው እንዲሄድበት ብቻ መተው ብክነት ስለሆነ ኮንቴነር ሱቅ ተቀመጠበት፣ ኪራይ ገባ። እግረኛው ወደ አስፋልቱ ወረደ። እነሆ፣ ከእግረኛ ደህንነት ገቢ ያገኘ ብቸኛ ከተማ!

ብስክሌተኛውን ረሱት እንዳትሉ። ባሕር ዳርና ሀዋሳ በብስክሌት ስማቸው ተጠርቷል፣ ትንንሾቹ ከተሞች ግን ከሁለቱም የረከሰ መላ አላቸው። "ዳር ያዝ!" ይሉታል። ቀለም አይፈጅም፣ ጨረታ አይወጣበትም፣ እያንዳንዱ ሾፌር በነፃ ያስፈጽመዋል። ዳሩ ቦይ መሆኑ የብስክሌተኛው ችግር ነው።

እኔ የምጨምረው ትንሽ ሐሳብ ብቻ ነው። ይህ የገቢ ምንጭ እስካሁን በዘፈቀደ እየተሰበሰበ ስለሆነ፣ ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ በዕቅድ ይመራ። በበጀት ቅጹ ላይ "በሩብ ዓመቱ የሚጠበቅ ለቅሶ፣ በቀበሌ" የሚል አንድ ረድፍ ይግባ። ቅጹን ማሳተሚያ በጀት የለም እንዳይሉኝ እንጂ።