የታዋቂ ኮሌጅ ስም በወላጅ ብድር አይገዛ

በአሜሪካ ኮሌጅ የሚገቡ ልጆቻችን አብዛኞቹ እስከ ሜይ 1 መርጠው ማስያዣ መክፈል አለባቸው። በየቤቱ የሚያከራክረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስሙ የገነነው ኮሌጅ ይሻላል ወይስ ሜሪት ስኮላርሺፕ (በውጤት የሚገኝ፣ የማይመለስ የትምህርት ገንዘብ) የሰጠው የስቴት ዩኒቨርሲቲ? ወላጅ በየዓመቱ ብድር እየፈረመ የሚከፈል ከሆነ ስኮላርሺፑ ይወሰድ እላለሁ።

ይህ ማለት ግን ታዋቂ የሆነ ሁሉ ውድ ነው ማለት አይደለም። እንደ ሃርቫርድ ያሉት የአይቪ ሊግ ስምንት ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የሚረዱት የቤተሰብ አቅም አይተው ነው። ሃርቫርድ ከ2025 ጀምሮ ገቢው በዓመት ከ100,000 ዶላር ያልበለጠ፣ ሌላ ብዙ ሀብትም የሌለው ቤተሰብ ልጅን ማደሪያና ምግቡን ጨምሮ በነጻ ያስተምራል። ለታክሲ ሹፌር ልጅ ሃርቫርድ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል።

አደጋው ያለው ስም ኖሯቸው ያን ያህል ገንዘብ የሌላቸው የግል ኮሌጆች ጋ ነው። የእርዳታ ደብዳቤያቸውን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 85,000፣ ግራንቱ (የማይመለሰው እርዳታ) 45,000 ዶላር ነው እንበል። ከቀሪው 40,000 ውስጥ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ከመንግሥት በስሙ መበደር የሚችለው 5,500 ነው። የተረፈውን 34,500 አንዳንዱ ደብዳቤ «ፔረንት ፕላስ» ብሎ ከእርዳታው ተርታ ያሰፍረዋል። ይህ ከመንግሥት የሚወሰድ፣ ወለድ የሚታሰብበት የወላጅ ዕዳ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ለአዲስ ተበዳሪዎች የዚህ ብድር ጣሪያ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በድምሩ 65,000 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉውን የወሰደ ወላጅ ለአራተኛው የሚቀረው 5,000 ብቻ ነው። ልጁ ሊመረቅ ሲል ቤተሰቡ የግል ባንክ ደጅ ይጠናል።

ስኮላርሺፑንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የሚታደሰው በስንት ጂፒኤ (ከ4.0 በሚታሰብ አማካይ ውጤት) ነው? ኢንጂነሪንግ የገባ ጎበዝ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስና ኬሚስትሪ 3.2 ላይ ቢወርድ አይገርምም፤ መስፈርቱ 3.0 ከሆነ ይተርፋል፣ 3.5 ከሆነ ገንዘቡ ይሄዳል። ውጤት ሲወርድ ማሻሻያ ሴሚስተር ይሰጣሉ? አንድ ኮርስ ቢያቋርጥስ? ቱሽን (የትምህርት ክፍያው) ሲጨምር ስኮላርሺፑ ባለበት ይቆማል? መልሱን ከፋይናንስ ኤይድ ቢሮው በኢሜይል ተቀበሉ።

ታዋቂውን ኮሌጅ የምር የሚፈልግ ልጅ እርዳታው እንዲጨመርለት መጠየቅ ይችላል፤ በተለይ ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ ከሞላው ወዲህ የቤተሰቡ ገቢ ቀንሶ ከሆነ፣ ማስረጃውን አያይዞ። ጥያቄው ግን ማስያዣው ሳይከፈል ይቅረብ፤ ከተከፈለ በኋላ ኮሌጁ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።