ገድለ ሰልፊ

ዓለምን የናቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ዋሻ ውስጥ አይደለም የሚኖረው፤ ሁለት ፓወር ባንክ ይዞ የሚዞር ጓደኛዬ ነው። ሰሜን ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ድረስ አብረን ሄደን፣ ዶይ ሱቴፕ ተራራ ላይ ያለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሳያይ ተመለሰ። አልገባም አላልኩም። ገብቷል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆይቷል። አላየውም ነው ያልኩት።

ቡድሃ የመከራ ሁሉ ሥሩ ምኞት ነው ብሎ አስተምሯል። ጓደኛዬ ቤተ መቅደሱን የማየት ቅንጣት ምኞት አልነበረውም። ነፃ የወጣ ሰው ነው።

ወደ ላይ የወጣነው በቀይ ፒካፕ ነው። ሶንግቴው ይሉታል፤ «ሁለት ረድፍ» ማለት ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ የድሮው ውይይት ታክሲ ትዝ አለኝ። መንገዱ ሳይሠራ በፊት ሰው በእግሩ ነበር የሚወጣው። ክሩባ ሲዊቻይ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዶማና አካፋ አስይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ ጀምረው ስድስት ወር ሳይሞላ ያስጨረሱት። ተራራው ግርጌ ሐውልታቸው አለ፤ አላፊ አግዳሚው እጅ ይነሳል። ጓደኛዬም አንገቱን እንደደፋ አለፈ። የኤርፖርቱን ፎቶ ፊልተር እየመረጠለት ነበር። ትሕትና ይሏል ይሄ ነው።

ከመኪና ከተወረደ በኋላ ከ300 በላይ ደረጃ አለ። ግራና ቀኙን ባለብዙ ራስ ዘንዶ ከላይ እስከ ታች ተጋድሞበታል። እኔ አንዴ ወጥቼ ጉልበቴ ከዳኝ። እሱ ሦስቴ ወጣው። አንደኛው ቪዲዮ ተንቀጠቀጠበት። ሁለተኛው ላይ ቀይ ጃኬት የለበሰች ፈረንጅ ገባችበት። ለሦስተኛው ላቡን ጠርጎ፣ ገና አሁን እንደመጣ ሰው ፈገግ ብሎ ወጣ። ሱባኤ የገባ ሰው እንኳ እንዲህ አይሰግድም።

የቦታው ታሪክ ነጭ ዝሆን አለበት። ንጉሡ የቡድሃን ቅዱስ አፅም ዝሆኑ ላይ ጭኖ ለቀቀው፤ ዝሆኑ ተራራውን ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ እዚያው ሞተ፤ ቤተ መቅደሱም እዚያው ተተከለ ይባላል። ዘመኑ በፈረንጅ 1383 ነው። በቡድሂስቶቹ 1926 መሆኑ ነው፤ እነሱ ከፈረንጅ 543 ዓመት ይቀድማሉ፣ እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተን እንስቃለን። ምስኪን ዝሆን! ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሳ ሞተ።

ውስጥ የሚገባው እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ተወልቆ ነው። መሃል ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ትልቅ ሐውልት ቆሟል። ምእመኑ የሎተስ አበባ፣ ሻማና ዕጣን ይዞ በቀኙ በኩል ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። ጓደኛዬ በግራ ዞረው። ብርሃኑ በዚያ በኩል ነበራ! አንዲት ባልቴት አበባቸውን በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ፊት ለፊቱ መጡ። በእጁ «ትንሽ ወደዚያ» አላቸው። ፈገግ ብለው ቆሙለት። ጸሎቱን የት ላይ እንዳቋረጡት ቡድሃ ይወቀው። (በእኛ አገርም ቢሆን ለጥምቀት ታቦት ሲያልፍ የሚያጨበጭብ እጅ እየጠፋ ነው፤ ስልክ ይዟላ።)

ጥግ ላይ የተቀመጡ መነኩሴ ውኃ እየረጩ ነጭ ክር እጅ ላይ ያስራሉ። የኛ ማተብ በአንገት፣ የነሱ በእጅ። ጓደኛዬ እጁን ዘረጋ። አሰሩ፣ ቋጠሩ፣ መርቀው ጨረሱ። ቪዲዮውን አለመጀመሬ የታወቀው ያኔ ነው፤ ቀዩን ምልክት ሁለቴ ነክቼው ኖሯል። ጓደኛዬ አየኝ። ምንም አልተናገረኝም። ክሩን በጥርሱ ፈታና እጁን እንደገና ዘረጋ።

«ዋን ሞር» አላቸው።

መነኩሴውም ትንፍሽ ሳይሉ እንደገና አሰሩለት። ዕድሜ ልካቸውን ትዕግሥት ሲማሩ የኖሩ ሰው፣ ፈተናቸው ከቦሌ ተነስቶ እንደሚመጣ ማን ነግሯቸው?

አመሻሽ ላይ ከተማው ከእግራችን ሥር መብራት በመብራት ሆነ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ፣ እኔ አነሳሁት። 614ኛው ፎቶ መሆኑ ነው። እኔም እኮ ቤተ መቅደሱን ያየሁት በዚያው ስልክ፣ በጓደኛዬ ትከሻና ጆሮ መሃል ነው።

ሆቴል ገብተን የመረጠውን ለእናቱ ላከላቸው። ወዲያው በድምፅ መለሱ። «ልጄ ከስተሃል፣ ምግብ የላቸውም እንዴ? ከኋላህ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ምንድን ነው?»

ወደኔ ዞረ።

«ምንድን ነበር ያሉን?»