ሁሉን አጥፋልኝ፣ ምንም እንዳይጠፋብኝ

«ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ስም አንድ ጊዜ የወጣለት ሰው ከዚያ ወዲያ «አላውቅም» ቢል የሚያምነው አያገኝም። ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅም የለም፤ ለአንዲት አክስቱ የስልኳን ሰዓት አስተካክሎላት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አልሠራ ያለ ፕሪንተር ገመዱ ወልቆ አግኝቶት መልሶ ሰክቶት ይሆናል። ዝናው ግን በዘመድ አዝማድ መካከል ከእርሱ ቀድሞ ይጓዛል። አንድ ቀንም ስልኩ ይጮህና፣ ለወትሮው በዓመት አንዴ እንኳ ድምፁን የማያሰማ ሰው ጤናውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ትምህርት አንድ በአንድ ከጠየቀ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል፦ «እዚህች ኮምፒውተሬ ላይ ቫይረስ ሳይገባባት አይቀርም። ፎርማት ብታደርግልኝ ብዬ ነው።» ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንልኝ ማለቱ ነው።

«ምን ነክተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቅያሜ ያመጣል፤ መልሱም አስቀድሞ ይታወቃልና ባይጠየቅ ይሻላል። ምንም አልተነካም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ቫይረስ የሚገባው ምንም ያልነካ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ፎልደሮቹ በአንድ ሌሊት ሁሉም ሾርትከት ሆነው ያደሩት ከማንም ፍላሽ በመጣ ነገር ሳይሆን ከሰማይ በወረደ መዓት ነው፤ ብሮውዘሩ በየደቂቃው የቁማር ማስታወቂያ የሚከፍተው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፣ አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚለው ቀይ መስኮትም ሳይጠሩት የመጣ ነው። በዚህ ረገድ የጥንቶቹ ቫይረስ ሠሪዎች ከዛሬዎቹ ባለ ኮምፒውተሮች ይልቅ ኃላፊነት ይሰማቸው ነበር ማለት ይቻላል። በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተሮች ላይ ከተሠራጩት ቫይረሶች የመጀመሪያው የሚባለውን «ብሬን» እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፉት የፓኪስታን ላሆር ወንድማማቾች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በቫይረሱ ውስጥ አስፍረው ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደውሎ ማጣራት የሚቻልበት ዘመን ቢኖር እርሱ ነበር።

ምንም ያልነኩ ሰዎች ምን ያህል ሊነኩ እንደሚችሉ ዓለም በሚገባ የተረዳው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው። ያን ጊዜ ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ ትል (ራሱን በራሱ እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም) «እወድሃለሁ» የሚል ርዕስ በተሰጠው ኢሜይል ታዝሎ፣ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎበኘ። ዊንዶውስ የፋይሎችን የስም መጨረሻ የመደበቅ ልማድ ስላለው፣ ተራ ጽሑፍ የሚመስለው ደብዳቤ እንደተከፈተ ሥራውን የሚጀምር ፕሮግራም መሆኑ አልታየም፤ ትሉም በአድራሻ ደብተሩ ውስጥ ላገኛቸው ሁሉ ራሱን ይልክ ስለነበር መልእክቱ የሚመጣው ከሚታወቅ ሰው ነበር። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው በድብቅ ሲወደው እንደኖረ ለማመን አንድ ደቂቃ ያልፈጀበት ሠራተኛ፣ ዊንዶውስ ራሱ «ማሻሻያ አለኝና ልጫን?» ብሎ ሲለምነው ግን ዓመቱን ሙሉ «በኋላ» የሚለውን ሲጫን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ፋይል እየቆለፈ ቤዛ የሚጠይቀው «ዋናክራይ» ዓለምን ሲያምስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ካወጣው ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። «በኋላ» የተባለው ቀን ደርሶ ነበር ማለት ነው።

የፎርማቱ ቀን ሲደርስ ባለ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሁሉንም ድምጥማጡን አጥፋልኝ፤ ብቻ ምንም እንዳይጠፋብኝ።» ይህን ሲል እየቀለደ አይደለም። በእርሱ አስተሳሰብ ፎርማት ማለት ክፉውን ከደጉ ለይቶ የሚያውቅ፣ ቫይረሱን ብቻ ነቅሎ የሚያወጣ፣ የሠርጉን ፎቶ፣ በእንጥልጥል የቀረውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ተከፍቶ የተተወውን ኢሜይልና በካርታ ጨዋታው ያስመዘገበውን ነጥብ ግን ባሉበት የሚተው አስተዋይ ኃይል ነው። ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለ ማስተዋል እንዳልተሰጠው ሲነገረው «አንተ እኮ ታውቅበታለህ» ይላል። ምስጋና ቢመስልም ምስጋና አይደለም፤ ለሚጠፋው ሁሉ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ከወዲሁ ማስታወቁ ነው።

ከፎርማት ለማምለጥ የሚደረግ ድርድርም አለ። አንድ አንቲቫይረስ ካላዳነ ሁለት ይጫናል፤ ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል እኩል ሲፈትሹ አንዱ የሌላውን ሥራ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል፤ ቫይረሱ ያንቀራፈፈው ኮምፒውተርም በጠባቂዎቹ ሽኩቻ ጭራሹን ይቆማል። በመጨረሻ ከሁለቱ አንዱ «ምንም አልተገኘም» ሲል ደስታው ወደር የለውም። ፍሬድ ኮኸን የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ ግን ማንኛውንም ቫይረስ ያለ አንዳች ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊጻፍ እንደማይችል ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሒሳብ አሳይቷል። «አላገኘሁም» እና «የለም» የተለያዩ ናቸው። በተለይ ቫይረሱ አንድ ጊዜ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ካገኘ፣ ኮምፒውተሩ ስለራሱ ጤንነት የሚሰጠው ቃል ሁሉ በቫይረሱ ፊት የተሰጠ ቃል ነውና አይታመንም። ስለዚህ እኔ በፎርማት ወገን ነኝ።

ጭቅጭቁ ያለው ባክአፕ ላይ፣ ማለትም ከመጥረጉ በፊት ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ በመገልበጡ ላይ ነው። «የሚፈለገው የቱ ነው?» ሲባል ባለ ኮምፒውተሩ እጁን ወደ ዴስክቶፑ ይዘረጋል። ዴስክቶፑ በፋይል ከመሸፈኑ የተነሣ ከበስተጀርባው ካለው የቤተሰብ ፎቶ የሚታየው የአንድ ልጅ ጆሮ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፕን ክፉ ነገር የማይደርስበት ገለልተኛ ግዛት አድርጎ ያስበዋል፤ በእውነቱ ግን ሲ ድራይቭ ውስጥ በተጠቃሚው ስም ሥር ያለ ተራ ፎልደር ነው፤ ዊንዶውስ ያለበት ክፍል ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ዲ ድራይቭ ደግሞ ከነጭራሹ የተቀደሰ ነው። «ዲ ውስጥ ያለው አይነካም» የሚለው እምነት እውነትነት አለው፤ ሲ ብቻ ከተጠረገ ዲ ይተርፋል፤ ዲ ውስጥ የተሸሸገው ቫይረስም እንዲሁ ይተርፋል። ዲ ብዙውን ጊዜ የዚያው የአንዱ ዲስክ ሌላ ክፍል ነው፤ ቫይረስም ወደዚያ ሲሻገር ፈቃድ የሚጠይቀው የለም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ለመትረፍ ቅድሚያ የሚሰጠው ፎልደር ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ «ኢሜይል ላይ አለ መሰለኝ» ተብሎ ይታለፋል፤ ፎቶዎቹም «እህቴ ስልክ ላይ አይጠፉም» ይባላሉ፤ ስሙ «ሶፍትዌሮች» የሆነው፣ ለዓመታት ከጓደኛ ወደ ጓደኛ በፍላሽ ሲዞር የኖረው ፎልደር ግን «እሱን እንዳትነካብኝ!» ተብሎ ከሁሉ በፊት ይገለበጣል። በውስጡ ማንም ያልከፈለባቸው ውድ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ከሚያደርጋቸው ክራክ ጋር ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱም ጋር አጭር የመመሪያ ጽሑፍ አለ፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል ነው። በሌላው ኑሮው ውል ሳያነብ የማይፈርም፣ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ሳይል የማይከፍት ሰው፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው አካል «ጥበቃህን አንሣ» ሲለው ያለ አንዳች ጥያቄ ያነሣል። እንደ «ሳሊቲ» ያሉ ቫይረሶች ደግሞ በዲስኩ ላይ ባገኙት ፕሮግራም ሁሉ ላይ ራሳቸውን ይለጥፋሉ። በዚህም ምክንያት ቫይረሱ በባለ ኮምፒውተሩ ልዩ ትእዛዝ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ በክብር ተሸኝቶ ፎርማቱ እስኪያልቅ እዚያ ይቆያል።

ደንቡ እኮ ከባድ አይደለም። የሚገለበጠው ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ፕሮግራም የሆነ ነገር ሁሉ ይቀርና ከሠሪው እንደ አዲስ ይወርዳል። ቢቻል ግልበጣው የተበከለውን ዊንዶውስ ጨርሶ ሳያስነሡ፣ ከፍላሽ በሚነሣ፣ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ይደረጋል፤ አዲሱ ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽም ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ሆኖ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ይዘጋጃል። ይህን ሁሉ ሳስረዳ ባለ ኮምፒውተሩ በትዕግሥት ያዳምጠኛል፤ ከዚያም ፍላሹን እንዳዘጋጅበት ያንኑ የተበከለውን ኮምፒውተር ገፋ አድርጎ ያቀርብልኛል።

ኮምፒውተሩ ከፍላሽ እንዲነሣ የሚጫኑት ቁልፍ በአንዱ ኤፍ12፣ በሌላው ኤፍ2፣ በሌላው ኢስኬፕ ወይም ዲሊት ነው፤ አምራቾቹ በዚህ ጉዳይ አንድ ላለመሆን የተማማሉ ይመስላል። ይህ ታልፎ የመጫኛው ፕሮግራም የዲስኩን ክፍሎች ሲዘረዝር ሲ እና ዲ የሚሉት ፊደላት የሉም፤ የሚታየው ቁጥርና መጠን ነው። እስከዚህ ድረስ ከትከሻዬ በላይ ምክር ሲያዥጎደጉድ የነበረው ባለ ኮምፒውተር እዚህ ላይ ዝም ይላል። ጣቴ ወደ ማጥፊያው ሲያመራ «ቆይ!» ይላል። ለዓመታት ያልተከፈቱ ፋይሎች ሁሉ የሚታወሱት በዚህች ቅጽበት ነው። «የእማማ ድምፅ የተቀዳበት ነበረ።» የት እንዳለ ስጠይቀው «እሱን እኮ ነው የምልህ፤ የት እንዳለ አላውቅም» ይላል። በዚህ አልሥቅም፤ ሁሉንም ነገር አቁመን እንፈልገዋለን።

ስለ ማጥፋቱም ቢሆን ትእዛዙ በትክክል አይፈጸምም። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚደረግ ፈጣን ፎርማት የመጽሐፍን ማውጫ ገንጥሎ «መጽሐፉ ተቃጠለ» እንደማለት ነው፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ባሉበት ይቆያሉ፤ ፈልፍሎ የሚያወጣቸው ፕሮግራምም አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እያንዳንዱን ቦታ በዜሮ የሚሞላው ሙሉው ፎርማት ነው፤ እርሱ ደግሞ ሰዓታት ስለሚፈጅ «ኧረ ፈጣኑ ይበቃል» ይባላል። ስለዚህ ሁሉም እንዲጠፋ ያዘዘው ሰው ምንም አልጠፋለትም፤ ምንም እንዳይጠፋ ያዘዘው ያው ሰው ደግሞ ምንም አያገኝም። ለቫይረሱ ግን ፈጣኑ ይበቃል፤ የሚጠራው ከሌለ አይነሣምና። ክፍሉን ሳይጠርጉ አዲሱን ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ መጫን የሚመርጡ አሉ፤ አሮጌው «ዊንዶውስ.ኦልድ» በሚባል ፎልደር ከነፋይሎቹ ታጥፎ እዚያው ይቀመጥላቸዋል። «ፎርማት የማያድነው የለም» ብለው ለሚምሉትም የ«ቼርኖቢል»ን ቫይረስ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1999 የዲስኩን መጀመሪያ ከማጥፋቱም በላይ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ባዮስ ስለሚደመስሰው፣ ማሽኑ ጨርሶ አይነሣም ነበር። ፎርማት ለመደረግም መነሣት ያስፈልጋል።

መጫኑ ሲያልቅ ኔትወርኩ ይጠፋል። ኔትወርኩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው።

ይህ በሌላ ፍላሽ ሲፈታ የይለፍ ቃል ጉዳይ ይነሣል። እስከዛሬ ብሮውዘሩ ያስታውስለት ስለነበር ባለ ኮምፒውተሩ አንዱንም አያውቅም፤ «የይለፍ ቃሌ ምን ነበር?» ብሎም የሚጠይቀው እኔን ነው። የኢሜይሉን ከብዙ ሙከራ በኋላ ሲያገኘው ክፉውን ወሬ ማርዳት የእኔ ድርሻ ይሆናል፦ ቫይረሱ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ዓይነት ከነበረ፣ ቃሉ ገና ድሮ ወደ ጌቶቹ ስለተላከ ፎርማቱ አይመልሰውም፤ ሁሉም መለወጥ አለበት። «አሁን ገና አስታወስኩት እኮ!» ብሎ ያኮርፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፈጣንና ንጹሕ ሆኖ የተመለሰውን ኮምፒውተር ባለቤቱ አይወደውም። ያ ሰማያዊ ምልክት ከነበረበት ቦታ የለም፤ ጽሑፉ ደቅቆበታል፤ የልጁ ፊት ሙሉ ለሙሉ መታየቱም ግር አሰኝቶታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በማሽኑ ላይ የሚደርሰው ሁሉ «አንተ ፎርማት ካደረግኸው ወዲህ» ተብሎ ይመዘገባል። ባትሪው አልይዝ ያለው ከእኔ ፎርማት ወዲህ ነው፤ «መ» የምትለዋ ቁልፍ የወለቀችውም፣ የክዳኑ ማጠፊያ የተሰበረውም ከዚያ ወዲህ ነው። በመጨረሻ ባለ ኮምፒውተሩ ተስፋ ቆርጦ አዲስ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ደወለልኝና ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የልጆቼን ትምህርት ጠየቀ። አዲሱም መንቀራፈፍ ጀምሯል፤ ምንም አልነካበትም፤ «ሶፍትዌሮች»ን ብቻ ከአሮጌው ገልብጦበታል፤ የእኔ ፎርማት ተጋብቶበት እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋል።