ቦርሳዬ ውስጥ የማላውቀው በርበሬ ምን ይሠራል?

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። እኛ ሰሜን ሸዋ አንድ ሰው አገር ሊወጣ ነው ከተባለ ወሬው ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ደብረ ሲና፣ ከዚያ መሐል ሜዳ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ወሬው በደረሰበት ቤት ሁሉ ደግሞ አንድ ጥቅል ይታሰራል። "ከሄድሽ አይቀር ይቺን ለልጄ" ይባላል። በርበሬ ይመጣል። ሽሮ ይመጣል። ድርቆሽ ይከተላል። ከዚያ በፌስታል ላይ ፌስታል ተደራርቦበት የተጠቀለለ ንጥር ቅቤ። የት አገር እንደምሄድ እንኳን ቀድሞ የሚጠይቀኝ የለም። "ኧረ እኔ የምሄደው ናይሮቢ ነው" ስል፣ "ልጄማ ዱባይ ነው ያለው፣ ግን ከዚያ የሚሻገር ሰው አታጪም" ይሉኛል።

እኔ ዘመድ ቤት ላርፍ አይደለም የምሄደው። በትንሽ ገንዘብ ለወራት የምዞር ሰው ነኝ። በአውቶቡስ ሞያሌን እሻገራለሁ፤ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያ እያልኩ እቀጥላለሁ። የማድረው አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ በተደረደረበት ርካሽ ማረፊያ ነው። ከመናኸሪያ ወርጄ አልጋ የምፈልገው ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ ነው። ከከበደኝ ታክሲ ልይዝ ነው። ታክሲ ከያዝኩ የዚያን ቀን የምሳ ገንዘቤ አለቀ ማለት ነው። በአውሮፕላን ልሂድ ካልኩ ደግሞ ርካሽ ትኬት ርካሽ የሆነው ሻንጣ ስለማይጨምር ነው። ለሻንጣው ለብቻ ይከፈላል፤ አንዳንዴ ከትኬቱ ዋጋ ይበልጣል። ያንን ማን ይከፍልልኛል? ጥቅሉን የላኩት እትዬ አይከፍሉም። እንደሚከፈልበትም አያውቁም።

እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። "ውጭ ልትሄድ ነው ብላ ኮራች" ይባላል። እማዬ ራሷ "ተይ ልጄ፣ ሰው ይቀየመናል፣ ለአንድ ኪሎ ብለሽ" ትለኛለች። አንድ ኪሎ ከሁሉም ቤት ሲመጣ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ግን አትደምረውም።

ከክብደቱ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። "ፈትቼ ልየው" ስል ፊት ይጠቁራል። ያልተማመንን ይመስላቸዋል። ድንበር ላይ ፖሊስ "ይህ የማን ነው?" ሲል ግን መልሱ አንድ ነው፤ የኔ ነው። ሕግ የሚያውቀው ቦርሳውን የያዘውን ሰው ነው። "የጎረቤቴ ልጅ እናት ሰጡኝ" ማለት ማንንም አያስፈታም። እኔ እትዬን አልጠረጠርኩም፤ ለእሳቸው ማን እንደሰጣቸው ግን አላውቅም።

ቅቤውስ? ልጁ ያለው አውሮፓ ከሆነ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። እናት ተጨንቃ ያነጠረችው ቅቤና የደረቀው ቋንጣ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ፌስታሉም ራሱ ጣጣ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008፣ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። እኛ ግን ጨው እንኳን በፌስታል ቋጥረን ነው የምንሰጠው።

የልብሱ ነገር ደግሞ አለ። "ውጭ አገር ብርድ ነው" ተብሎ ጋቢ ይመጣል፣ ካፖርት ይመጣል። ኧረ ወገን! ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ናይሮቢ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ሹራብ ይበቃዋል። ሞምባሳና ዳሬሰላም ደግሞ ሙቀቱ ከወበቁ ጋር ነው። ጋቢ እወዳለሁ፣ ግን ቦታ ይፈጃል፣ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ነጠላ ግን ትያዝ። አንሶላ ትሆናለች፣ ፀሐይ ትከላከላለች፣ አውቶቡስ ላይ ትለበሳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፣ ታጥባ በአንድ ሌሊት ትደርቃለች።

ከምግብ አንድ ነገር ብቻ ያዢ ካላችሁኝ በሶ ነው። የኛው የደጋ ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ። በርበሬና ሽሮ ድስት ይፈልጋሉ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ እሳት ይፈልጋሉ። ርካሽ ማረፊያ ውስጥ ማድ ቤት ከተገኘ ዕድል ነው፤ ቢገኝም ወረፋ ነው። በሶ ምንም አይፈልግም። ውሃና ትንሽ ስኳር ካለ ይጠጣል። ጨውና ዘይት ካለ ጭብጦ ይሆናል። ሌሊት ደርሰሽ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ስታገኚ፣ አውቶቡስ ተበላሽቶ ሜዳ ላይ ስትውዪ፣ ሆድሽ የባዕድ ምግብ አልቀበልም ሲል በሶ ይደርስልሻል። አያቶቻችን ስንቅ ያደረጉት አውቀው ነው። እሱንና ደብረ ሲና ላይ በመኪና መስኮት የሚሸጠውን ቆሎ ከያዝኩ የመንገዱ ነገር አለቀ። ይህን ግን "ውጭ ሄዳ በሶ ትበላለች" ብለው ያፍሩበታል።

የሚያስፈልገኝን የሚጠይቀኝ ሰው የት አለ? "ቢጫ ወባ ተከትበሻል?" ያለኝ የለም። ክትባቱ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፣ ስለዚህ ለመሄጃ ዋዜማ የሚተው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ እንደ ፓስፖርት ነው የሚጠበቀው። የወባ ነገርም አለ። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ወባን የምናውቀው ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነው። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ፋርማሲ ወይም ሐኪም ጋ ገብቶ መመካከር ያስፈልጋል። የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ ነው። ኬንያ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስለሆነ የኛ ሁለት ክብ እግር አይገባበትም። ትንሽ መቀየሪያ ከቤት ይዞ መውጣት ነው። ፓወር ባንክ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው።

ኢንተርኔት ላይ ምክር የሚሰጡትም አላዳኑኝም። "ፓስፖርትና ካርድ ይበቃል፣ ሌላው እዚያው ይገዛል" ይላሉ። ለእነሱ ይበቃ ይሆናል። የኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ ወረቀት፣ የባንክ ማስረጃ ይጠየቃል። ስልክ ሲዘጋ የሚታይ የታተመ ወረቀት መያዝ አለበት። እሱ ወረቀት ነው ቦርሳዬ ውስጥ ቦታ የሚገባው።

ስለዚህ እትዬም፣ ጋሼም፣ ጎረቤቶቼም ስሙኝ። ለልጃችሁ በርበሬ መላክ ከፈለጋችሁ ልጁ ወዳለበት አገር በቀጥታ የሚሄድ፣ ሻንጣ የተፈቀደለት ሰው ፈልጉ። እሱንም ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ጥቅሉንም ፊቱ ፍቱለት። ለኔ መስጠት የሚፈልግ ካለ አንድ ጥሩ ካልሲ ይስጠኝ። በዚህ ጉዞ ከበሶዬ ሌላ የማንንም ዱቄት አልይዝም።